ቅዳሜና እሁድን ከልጆቻችን ጋር

(ለወላጆች ከተደረገ ንግግር ለመታሰቢያ መጽሔቱ የተዘጋጀ)



በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለእርሱ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣ የመስጂዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ዘካ ወይም ስለ ሰላት አፈጻጸም እንደምጽፍ የጠበቁ ወንድሞች ነበሩ። እኔ ግን ከዐስር ሰላት በኋላ ለወላጆች አድርጌው የነበረውን ንግግር አስተካክዬ ማቅረብን መረጥሁ። ርእሱም ቅዳሜና እሁድን ከትንንሽ ልጆቻችን ጋር ያለ ችኮላ እንዴት እናሳልፋለን የሚል ነው። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ለእኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ያነቃኝ አንድ ልጅ ነው። ልጁ የስምንት ዓመት የቁርአን ተማሪያችን ሲሆን ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቀረ። እናቱ ወደ እኛ እንደላከችው ታውቃለች፤ እኛ ደግሞ ቤት የቀረ መስሎናል። በሦስተኛው ቅዳሜ ልፈልገው ወጣሁ። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች በብዛት ያሉበትን ሰፈር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአንዱ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ከወፍጮው በሚወጣው ገለባ ክምር ላይ፣ ሉሑን ተንተርሶ ተኝቶ አገኘሁት። የሄድሁት ተቆጥቼ ነው፤ አርጩሜም በእጄ ነበረ። ቀስቅሼ ለምን እንደሚቀር ስጠይቀው ዓይኑን እያሻሸ፣ «ኡስታዝ፣ እዚህ ማንም አይጠራኝም» አለኝ።

አርጩሜዬን ጣልሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ከዚያም የሳምንቱን ውሎ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ከሰኞ እስከ ዓርብ በፈረቃ በቀን 4 ሰዓት ትምህርት ቤት ይውላል፤ ይህ 20 ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 2 ሰዓት ቁርአን ይቀራል፤ ይህ 10 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 4፣ 4 ሰዓት እኛ ዘንድ ነው፤ 8 ሰዓት። ማታ ማታ የማጠናከሪያ ትምህርት 3 ሰዓት አለው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአባቱ ሱቅ 4፣ 4 ሰዓት ይቆማል፤ 8 ሰዓት። ሲደመር 49 ሰዓት ሆነ። የቤት ሥራውና ውኃ መቅዳቱ በዚህ አልተቆጠረም።

ውድ አንባቢያን፣ የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአዋቂ ሠራተኛ የደነገገው መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ነው። በዚያም ላይ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጠው ያዝዛል። የስምንት ዓመቱ ልጅ ግን 49 ሰዓት ነበረው፤ ያልተቆራረጠ ቀን ይቅርና ያልተቆራረጠ ጠዋት አልነበረውም። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ከ49ኙ ሰዓት 18ቱ የእኔ መሆናቸው ነው። ያንን የሰዓት ድልድል ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ዕረፍቱ እንዴት ጠፋ?

እኔ ልጅ ሆኜ በቀራሁበት ቁርአን ቤት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸሃችን «ሉሓችሁን አስቀምጡ» ይሉን ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጁሙዓን ጨምሮ የሚቀራ አልነበረም። ልብሳችንን አጥበን፣ ጸጉራችንን ተላጭተን፣ ሜዳ ላይ ተጫውተን ለጁሙዓ ሰላት እንሄዳለን። ይህ የእኛ ሸህ ብቻ ያመጡት አልነበረም፤ በብዙ የሙስሊም አገሮች የቁርአን ቤት ልማድ ሐሙስና ጁሙዓ የልጆች ዕረፍት ሆነው ኖረዋል።

በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባን። የዚያ ዕረፍት ቅዳሜና እሁድ ነው። ልጆቻችን ጁሙዓ ዕለት ትምህርት ቤት ስለሚውሉ የሐሙስና የጁሙዓ ዕረፍት ቀረ። እኛም ያመለጠንን የቁርአን ጊዜ ለማካካስ ቅዳሜንና እሁድን ለመድረሳ ወሰድን። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱም የትምህርት ሥርዓቶች ለልጁ ዕረፍት ነበራቸው። ሁለቱን ስናገናኝ ግን አንዱ የሌላውን ዕረፍት በላው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ለልጁ ይበጀዋል ያለውን ጨመረ፤ የቀነሰ ግን አልነበረም።

በዚህ ላይ የአካባቢያችን የኑሮ ለውጥ አለ። የፎገራ ሜዳ ቀደም ሲል የሚታወቀው በከብቱ ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የወጣ ናት። ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሌላ እህል አይመችም ነበር። አያቶቻችን የማያውቁት ሩዝ ከመጣ ወዲህ ግን ያው ውኃ የተኛበት መሬት ዋና ሀብት ሆነ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ከርብና ከጉማራ ወንዝ በሚሳብ ውኃ ደግሞ ሽንኩርቱ ይከተላል። አላህ በረከት ሰጠን፤ ነገር ግን የሥራ ፋታ የነበረው ወር ሁሉ ሥራ ያዘ። ወፍጮውም፣ ሱቁም፣ መኪናውም እንዲሁ። ወላጅ ሲቸኩል ልጅ አብሮ ይቸኩላል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሁኔታ

ከእነዚህ ነገሮች በኋላ ያውቅኋቸውን ሐዲሶች እንደገና ማየት ጀመርሁ። ብዙ ጊዜ ያስተማርኋቸው ናቸው፤ ሆኖም አንዲት ነገር አልፋኝ ነበር።

አን-ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከማታ ሰላቶች በአንዱ ሐሰንን ወይም ሑሰይንን ተሸክመው መጥተው አሰገዱ። በሰላቱ መካከል አንደኛውን ሱጁድ እጅግ አስረዘሙት። ሰሐቦች አንድ ነገር የደረሰ ወይም ወሕይ የወረደ መሰላቸው። በኋላ ሲጠይቋቸው ከዚህ አንዱም እንዳልሆነ፣ ልጁ ጀርባቸው ላይ ወጥቶ ስለነበረ እስኪበቃው ድረስ ሊያስቸኩሉት እንዳልወደዱ ነገሯቸው። ይህን ሐዲስ ዘወትር የማስተምረው ለእዝነት ማስረጃ አድርጌ ነበር። አሁን ግን ያየሁት ችኮላ የሚለውን ነው። ከኋላቸው አንድ ጀመዓ ሙሉ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ያም ሆኖ ልጁ አልተቸኮለም።

ሁለተኛው ለእኛ ለሐበሾች ልዩ ትርጉም ያለው ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ወጣቷ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ልትመለከት ፈለገች። ነቢዩም በልብሳቸው ከልለዋት፣ ይበቃኛል ያለችው እርሷ ራሷ እስክትሆን ድረስ ቆሙላት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እዚህም መለኪያው የትልቁ ሰው ጊዜ አይደለም፤ የልጅቷ መጥገብ ነው።

ደግሞም አቡ ዑመይር የሚባለው ትንሽ ልጅ ወፉ ሞታበት ባዘነ ጊዜ ስለ ወፏ ጠይቀው ያጫወቱት እኚሁ ነቢይ ናቸው። አንድ ኡማ የሚመሩ ሰው ለአንድ ልጅ ወፍ ጊዜ ነበራቸው።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት ኢማም አል-ገዛሊም ኢሕያእ በተባለው ኪታባቸው ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያስተምሩ፣ ልጅ ከቁርአን ቤት ሲመለስ የትምህርቱን ድካም የሚረሳበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ ገልጸዋል። ጨዋታ ተከልክሎ ዘወትር በትምህርት የሚጨነቅ ልጅ ልቡ እንደሚሞት፣ ብልህነቱም እንደሚደክም፣ በመጨረሻም ከትምህርቱ የሚያመልጥበትን ዘዴ እንደሚፈልግ ያስጠነቅቃሉ። ይህን ሳነብ የገለባው ክምር ላይ የተኛው ልጅ ትዝ አለኝ። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ከ900 ዓመት በላይ ቀድሞ የተነገረልን ሆኖ ነው።

ባዶ ቀን ዕረፍት አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ልጅን ያለ ሥራ መተው ብቻውን ዕረፍት አይሆንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ አይተናል። በእነዚያ ጊዜያት ለልጆች ቀኑ ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ሆኖባቸው ነበር። ዐረፉ እንዴ? አላረፉም። አዋቂው ተጨንቆ፣ ወሬ ሲያዳምጥ፣ ልጁ በሩ ላይ ተቀምጦ የአባቱን ፊት ያነብ ነበር። ስለዚህ ልጅ የሚፈልገው ባዶ ቀን አይደለም፤ አባቱ ወይም እናቱ ልባቸውን ይዘው አብረውት የሚገኙበት፣ ነገር ግን የማይጎተትበት ቀን ነው። እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ በራሱ አይመጣም፤ ይታቀዳል።

ዕቅድ ስል ሌላ ሥራ መጨመር እንዳይመስላችሁ። በዚህ እኔ ራሴ ስቻለሁ። ከልጁ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ በኅዳር ወር አንድ እሁድ ለሦስቱ ልጆቼ የሚሆን መርሐ ግብር አወጣሁ። በ1 ሰዓት ተነሥተን፣ በ2 ሰዓት ርብ ድልድይ ደርሰን፣ የሩዝ አጨዳ አይተን፣ ከዚያ አዲስ ዘመን ዘመድ ጠይቀን፣ ለዙህር ወረታ ልንመለስ ነው። የአራት ዓመቷ ልጄ በየመንገዱ ትቆማለች። ከማሳው ድንበር ላይ ጉንዳን ታያለች፤ «ነይ፣ ረፈደ» እላለሁ። ጥጃ ታያለች፤ «በኋላ» እላለሁ። አዲስ ዘመን ሳንደርስ ለኒካሕ ተፈለግህ ተብሎ ስልክ ተደወለልኝና ተመለስን። ደክሞኝ፣ ተናድጄ፣ ግን ደግሞ ለልጆቼ የሚገባቸውን አደረግሁ ብዬ ገባሁ።

ማታ ባለቤቴ ትንሿን፣ «ዛሬ ምን ደስ አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ድልድዩንም ወንዙንም አላነሣችም። «መኪና ስንጠብቅ» አለች። የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ በሚለይበት አጠገብ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀን ነበር። የማደርገው ስላልነበረኝ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሩዝ የጫኑ አይሱዙዎችን አብረን ቆጠርን። ከዚያ ቀን ሁሉ ለእርሷ የቀረላት እኔ እንደ ባከነ የቆጠርሁት ግማሽ ሰዓት ነው። ለኒካሑ ዘግይቼ እንዳልደርስ ስሮጥ የዋልሁት አባት፣ ልጄ የምታውቀኝ በዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር።

ቀኑን እንዴት እናቅድ?

ከዚህ ስሕተቴ የተማርሁትንና በእኛ አካባቢ የሚቻለውን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቀኑን ከዋዜማው እናዘጋጅ። እንደ ማንኛውም መልካም ሥራ በኒያ ይጀመር። ጤፉ፣ ሽንኩርቱ፣ ጋዙ፣ የልብስ አጠባው አስቀድሞ ከታሰበበት በማግሥቱ ሰው ወዲያና ወዲህ አይልም። ማታ ልጆቹን ሰብስበን፣ «ነገ አንድ ነገር እናደርጋለን፤ ምን ይሁን?» ብለን እንጠይቃቸው። በተራ ይምረጡ፤ የዛሬው የትልቁ ከሆነ የሚቀጥለው የትንሿ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ቀን አንድ ነገር ይብቃ። ወንዝ ከሆነ ወንዝ፤ ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ዘመድ ጥየቃ። ሁለተኛ ጉዳይ በጨመርን ቁጥር የመጀመሪያው ይቸኩላል። ለአንድ ነገር ያሰብነውን ጊዜ እጥፍ እናድርገው፤ ምክንያቱም ግማሹ ለጉንዳኑና ለጥጃው ነው።

ሦስተኛ፣ ወቅቱን እንከተል። ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለ፤ ልጅ ነዶ ላይ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ከዚያ የሽምብራ እሸት ይደርሳል። ጓያ ግን ሲዘወተር እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ስለሚያመጣ ልጆቻችንን አናስለምዳቸው። በበጋ ውኃ በተረፈበት ረግረግ ሽመላና ሌሎች የውኃ ወፎች ይሰበሰባሉ፤ ከሩቅ ተቀምጦ ማየት ነው። በክረምት ሜዳው ጭቃና ውኃ ስለሆነ ቤት እንቆይ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቻችን ሞልተው ስንት ቤተሰብ እንዳፈናቀሉ የምናስታውስ ሰዎች ልጅ ይዘን ወደ ሞላ ወንዝ አንጠጋም። በዝናብ ቀን ሩዝ መልቀም፣ በቆሎ መጥበስ፣ ተረትና የነቢያት ታሪክ አለ። ከልጅ ጋር በዝግታ የተለቀመ አንድ ሰሐን ሩዝ መልካም የእሁድ ጠዋት ነው።

አራተኛ፣ ሰዓቱን እንወቅ። ሜዳችን ሞቃት ነው። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ሳይበረታ እስከ 4 ሰዓት መመለስ፣ ከዙህር በኋላ መተኛት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ ደጅ መጫወት ይመቻል። መግሪብ ሲቃረብ ግን ልጆች ይግቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመሽ ልጆችን ወደ ቤት እንድናስገባ መክረዋል፤ በእኛ አገር ደግሞ የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከመሸ በኋላ ነው። አጎበሩም ይዘርጋ። ሌላው፣ በጣና ዳርና በቀስታ በሚሄዱ ውኃዎች ቢልሃርዝያ ስላለ ልጆች ወንዝ ዳር ይቀመጡ እንጂ ውኃው ውስጥ ገብተው እንዲንቦጫረቁ አንፍቀድ።

አምስተኛ፣ ከልጁ እርምጃ አንቅደም። ሲቆም እንቁም። «ነይ፣ ረፈደ» የምትለዋን ቃል ለአንድ ጠዋት እንተዋት። ሰላት ሲደርስ በእርግጥ እንሄዳለን፤ ለዚያም አስቀድመን እንነሣ እንጂ ልጁን በመጨረሻዋ ደቂቃ አንጎትተው። ልጅ ከሰላት ጋር የሚያያይዘው የመጀመሪያ ትዝታ የአባቱ ቁጣና የተጎተተ ክንዱ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ስድስተኛ፣ ስልኩን እናስቀምጠው። ከጎኑ ተቀምጠን ስልክ የምናይ ከሆነ ልጁ ብቻውን ነው። ለእኔ ይህ ከባድ ነበር፤ ጀናዛም ኒካሕም የሚደወልልኝ በስልክ ነው። ስለዚህ ለኮሚቴው ነግሬ፣ እሁድ ጠዋት እስከ ዙህር ምክትል ኢማሙ እንዲጠራ፣ እኔ የምፈለገው ለጀናዛ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ሰባተኛ፣ ቀኑ ለእናትየዋም ዕረፍት ይሁን። አባት ልጆቹን ይዞ ከወጣ እናት ትተኛ፤ እርሷም አብራ ከወጣች ምግቡ ከማታ የተዘጋጀ ይሁን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግራለች። እናት ጓዳ ስትሯሯጥ የምትውልበት ቀን የማንም የዕረፍት ቀን አይደለም።

ስምንተኛ፣ ለብቻችን አንውጣ። በጎረቤታችን አባቱ የሞተበት የቲም አለ፤ አባቱ ሹፌር ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን የሚገባ አለ፤ እናቱ ዐረብ አገር ያለች አለ። ከሦስት ልጅ ጋር የሚሄድ ሰው ከአራት ጋር መሄድ ይችላል። የርቀት ወላጆችም ብትሆኑ በእሁድ ጠዋት የምትደውሉት ጥሪ ስለ ማርክና ስለ ብር ብቻ አይሁን፤ ልጁ ስለ ጥጃዋ የሚያወራላችሁን ጨርሶ እስኪጠግብ ስሙት።

የተነሡ ጥያቄዎች

ይህን ንግግር ባደረግሁ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር።

አንድ ገበሬ አባት፣ «ሸህ፣ በአጨዳ ጊዜ ዝናብ ቢመጣብኝ ሩዜን ማን ይሰበስብልኛል? ዕረፍት ለደመወዝተኛ ነው» አለኝ። እውነት አለው። እኔም ማሳውን ተወው አላልሁትም። ከዐስር በኋላ ያለችውን አንዲት ሰዓት እንዲሰጥ ጠየቅሁት። ደግሞም ልጁ ማሳው ላይ አብሮት ካለ፣ ሥራውን እየሠራ ሊያወራው ይችላል። ልጅ ሥራን አይጠላም፤ የሚጠላው በሥራ መካከል እንደ ዕቃ መቆጠርን ነው። ነጋዴ ወንድሞቻችንም ልጃችሁን ሱቅ አታምጡ አልልም፤ ሲመጣ ግን ሚዛኑን አሳዩት፣ አጫውቱት፤ እንደ ጠባቂ አቁማችሁት አትሂዱ።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ከበድ ያለ ነበር። አንድ የማከብራቸው አባት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ እኛ መድረሳው እንዲሠራ አሸዋ የተሸከምነው ቁርአን እንዲቀንስ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጉባኤው ጸጥ አለ። እኔም እንዲህ ስል መለስሁላቸው፦ «አባቴ፣ አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢያችን አስተምረውናል። ዛሬ ብዙ ጭነንበት በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከመስጂድ የሚሸሽ ልጅ ከምናሳድግ፣ ጥቂት ቀርቶ እስከ ሽምግልናው የሚቀራ ብናሳድግ አይሻልም?» ወዲያው አልመለሱልኝም። በኋላ ግን ጫማቸውን ሲያደርጉ፣ «እኛም ሐሙስ ሐሙስ እናርፍ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የመድረሳችንን ድልድል ለውጠናል። ከ10 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ይቀራሉ። እሁድ ቁርአን ቤት የለም። ሐሙስ ከዐስር በኋላ እንደ ቀድሞው ሉሕ ይቀመጣል። የእነዚህ ልጆች የመድረሳ ሰዓት ከ18 ወደ 11 ወርዷል። ከሒፍዛቸው ይወርዳል ብዬ የፈራሁት አልወረደም፤ ሰኞ ሲመጡ ዓይናቸው ተከፍቶ ነው። በገለባው ላይ ያገኘሁት ልጅም ከእነርሱ ጋር ይመጣል። አባቱ እሁድ ከሰዓት ከሱቅ አሰናብቶታል።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆችን ማሳረፍ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ለልጅ የዕረፍትና የጨዋታ መብት ይሰጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን እኛ ይህን ቀድሞ ከሱጁዳቸው ባልተነሡት ነቢይ ዘንድ አግኝተነዋል። ልጅ ጀርባችን ላይ የሚወጣበት ዘመን አጭር ነው። የአራት ዓመቷ ልጄ ዛሬ ስድስት ሞልቷታል፤ አይሱዙ መቁጠር ትታለች። አሁን የምትጠይቀኝ ሌላ ነው፤ ነገ ደግሞ የምትጠይቀው እኔን ላይሆን ይችላል። አላህ በአደራ የሰጠንን ልጅ የትምህርትና የልብስ ወጪ ከፍለን ብቻ አደራውን ተወጣን አንበል። ጊዜያችንም ከአደራው ነው።

ስለዚህ ይህን መጽሔት ስትዘጉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በቤታችሁ ያለውን የትንሹን ልጅ የሳምንት ሰዓት እንደ እኔ በጣታችሁ ቁጠሩት። ከዚያም ከሚመጣው እሁድ አንድ ጠዋት ቀንሱለት። ምን እናድርግ ብሎ ከጠየቃችሁ ራሱን ጠይቁት። ምንም ካላለ አጠገቡ ተቀመጡ፤ መኪናም ቢሆን ቁጠሩ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ቁርአንን በፍቅር የሚቀሩ፣ ወላጆቻቸውን በደስታ የሚያስታውሱ ያድርግልን። የቲሞቻችንን ይጠብቅልን። ለሜዳችን በረከቱን፣ ለአገራችን ሰላሙን ይስጥ። በችኮላችን ያጠፋነውን ይማረን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።